ካርድ ላይ የሚጻፍ ቋንቋ

«ዐረብኛማ የገረድ ቋንቋ ነው» አለ ዳይሬክተሩ።

ሐመልማል መወልወያዋን ባልዲ ውስጥ እንደ ነከረች ቆመች። የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። አቶ ሀብተ ሚካኤል ስልክ ይዟል፤ ከማን ጋር እንደሚያወራ አላወቀችም። «ያስተማረቻቸው እኮ ዘጠኝ ዓመት ቤሩት ሰው ቤት የሠራች ናት። አሁን እኛው ዘንድ ወለል የምትወለውል። ምን ብዬ ካርድ ላይ ልጻፈው? ፈረንሳይኛ ይሁንና እንገላገል። ዛሬ ስምንት ሰዓት ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ በግማሽ ሰዓት ያልቃል» አለና ሳቀ። በክፋት አልሳቀም። የሚያበሳጨውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ጠልታው ትገላገል ነበር። ግን ሥራ የቀጠራትም፣ ባለፈው ክረምት ሳንባ ምች ሲይዛት ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል ያደረሳትም እሱ ነው። መወልወያዋን ጨመቀች። ከበሩ ሥር እስከ ደረጃው ያለውን ወለል አንድ ጥግ ሳታጓድል ወለወለች። ከዚያ ውኃውን ጓሮ ደፍታ ባልዲውን ከግድግዳው አስጠጋችው።

ትምህርት ቤቱን ያቆሙት የደባርቅ ወላጆች ናቸው፤ አስጎብኚው፣ በቅሎ ጫኙ፣ ነጋዴው አዋጥተው። መንግሥት ያዘዘው እንግሊዝኛ እንዳለ ሆኖ፣ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ሌላ የውጭ ቋንቋ ይጨመር ብለው ወሰኑ። የትኛው ይሁን የሚለው ግን አላስማማቸውም። እንግዲያው ለአንድ ዓመት ሁለት ቋንቋ ይሞከር ተባለ። ለፈረንሳይኛው ዲግሪ ያለው መምህር በየሁለት ሳምንቱ ከጎንደር ይመጣል፤ መንገድ ሲዘጋ ይቀራል። ዐረብኛው የተጀመረው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ሐመልማል ዕቃ ግምጃ ቤቱን ስትጠርግ ሁለት ልጆች «ቤሩት እንዴት ነው የሚወራው?» ብለው ጠየቋት። ነገረቻቸው። በማግስቱ ስድስት ሆነው መጡ። ፊደሉንም ታውቃለች፤ የማዳሟን ሕፃን የቤት ሥራ ስታሠራ አብራው ተምራለች። ዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን በተሰበሩ ዴስኮች መካከል እየተቀመጡ ከእሷ ይማራሉ። ለዚህ የተከፈላት የለም። አሁን ዓመቱ አለቀ። ከሁለቱ አንዱ ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ከአማካይና ከደረጃ ይገባል፤ ሌላው ይቀራል። የሚያልፈውን ቋንቋ የሚያስተምር ሰው በመምህር ደመወዝ ይቀጠራል።

እሷ ደግሞ ቀን ቆርጣለች። የጽዳት ደመወዝ ሦስት ነፍስ ማሳደር አልቻለም። ፓስፖርቷ ጎንደር ደላላው እጅ ነው። ሪያድ ያለች ማዳም በስልክ አነጋግራ ወዳታለች። ሰኞ ጠዋት ጎንደር ሄዳ አሻራ ትሰጣለች፤ ከዚያ ወር ሳይሞላ ትሄዳለች። ዐረብኛው ካለፈ ግን አትሄድም። ይህን የምታውቀው እናቷ ደብሪቱ ብቻ ናት። ለልጅዋ ለጽጌሬዳ አልነገረቻትም። ያን ጊዜ ቤሩት ስትሄድ ልጅቱ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቢነግሯትም አይገባትም። አሁን ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ረፋድ ላይ ለስብሰባው ስኳርና ዳቦ ልትገዛ ወደ ዘቢደር ሱቅ ወረደች። ቅዳሜ ነው። ከቡይት ራስ በኩል የወረደው ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶታል፤ በግ የሚጎትተው በግ ይጎትታል፣ ገብስ የጫነው አህያውን ይነዳል፣ ባጃጁ መሀል ገብቶ ጡሩንባውን ይነፋል። ፀሐይ ወጥታለች፤ ብርዱ ግን ከተራራው አልተነሣም። ዘቢደር ከመደርደሪያዋ ጀርባ ሆና ሻርፗን ሁለት ዙር ጠምጥማለች። እሷም የኮሚቴው አባል ናት።

«ስኳር ስንት ገባ?»

«መቶ ሠላሳ።»

«ባለፈው ሳምንት መቶ ሃያ አልነበረም?»

«ባለፈው ሳምንትማ እኔም ቀጭን ነበርሁ» አለች ዘቢደር ኪሎውን እየመዘነች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እቱ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሙሌ ለፈረንሳይኛው ድምፅ እንድሰጥ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለመነኝ። ልጄ ነገ እንደሱ አስጎብኚ ቢሆንልኝ ብዬ ነው። ዐረብኛ ሲባል ደግሞ ሰው ልጁን ለዐረብ አገር እያዘጋጀ ይመስለዋል።»

«ምን ያስቀይመኛል፤ ለልጅሽ ነው» አለች ሐመልማል። የተባለው ውሸት አልነበረም። እሷም መጀመሪያ ላይ የምታውቀውን ነበር የምታስተምረው፤ ክፈት፣ ዝጋ፣ አምጣ፣ ውሰድ፣ ቶሎ በል። አንድ ቀን ዐሥራ ዘጠኙ ልጆች በአንድ ድምፅ «እሺ እመቤቴ» ሲሉ ሰማችና ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ ማስተማር ትታለች። መግዛትና መሸጥ፣ ዋጋ መከራከር፣ መጠየቅ፣ እምቢ ማለት ታስተምራለች። እምቢ ማለትን ሁለት ሳምንት አስተምራለች።

ለምሳ ቤት ስትደርስ ገበታው ቀርቦ ጠበቃት። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ከጢስ ብዛት ቢጫ ሆኗል። አንድ አልጋ አለ፣ አንድ መደብ አለ፣ ከቤሩት የመጣ ትልቅ ሻንጣ አለ። ሻንጣው ሁለት ዓመት ሙሉ የገብስ ዱቄት ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። ትናንት ደብሪቱ ዱቄቱን ወደ ማዳበሪያ ከረጢት ገልብጣ ሻንጣውን በጨርቅ ስትወለውል ዋለች። ጽጌሬዳ አይታለች። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ልጅቱ አያቷን «እማዬ» ትላለች፤ እናቷን በስሟ ሐመልማል ብላ ትጠራለች። ከቤሩት ከተመለሰች ወዲህ ማንም አላረማትም። ሐመልማልም አላረመቻትም፤ በምን አፏ።

«ፈረንሳይኛው እንዴት ነው?» አለቻት።

«ደህና ነው።»

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«ገና አልተነገረም።» ጽጌሬዳ አንድ ጉርሻ ጎርሳ ብዙ አላመጠችው። ከዚያ «ማጠናከሪያ አለን» ብላ ደብተሯን አንሥታ ወጣች። ሐመልማል አንድም ሳትጎርስ ከገበታው ተነሣች።

ደብሪቱ ልጅቱ ከደጅ እስክትርቅ ጠበቀች። «ንገሪያት» አለች። «ሳትነግሪያት ብትሄጂ እኔ የምመልስላት የለኝም። እናቴ የት ናት ስትለኝ ዘጠኝ ዓመት ስመልስ ኖሬያለሁ። ደክሞኛል።»

«ከስብሰባው በኋላ እነግራታለሁ፣ እማ።»

ኮሚቴው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተሰበሰበ። አምስት ናቸው። በሰብሳቢው ወንበር መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ተቀምጠዋል፤ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ፣ ከተማው ሁሉ የኔታ የሚላቸው የቅኔ መምህር። በቀኛቸው ሙሌ ነው፤ ሃያ ዓመት ፈረንሳዮችን ተራራው ላይ ሳንቃ በር እያደረሰ የኖረ አስጎብኚ። በግራቸው ገዱ፤ በወጣትነቱ ሱዳን ገዳሪፍ ስድስት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ የሰሊጥ ነጋዴ። ዘቢደርና ዳይሬክተሩ ፊት ለፊት ናቸው። ሐመልማል ሻይ ትቀዳለች። ልውጣ ብላ አልጠየቀችም፤ ውጪም ያላት የለም። ሻይ የምትቀዳ ሴት እንደ ግድግዳ ናት፤ ሰው ሁሉ በፊቷ ያወራል። ይህን ቤሩትም አይታዋለች።

ሙሌ ጀመረ። «የኔታ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ተራራው የኛ ነው። ተራራውን ሊያይ የሚመጣው ደግሞ ፈረንሳዩ ነው።»

«ይመጣል ነው ወይስ ይመጣ ነበር?» አለ ገዱ። «በቅሎዎቻችሁ እኮ ሥራ ፈትተው ኮርቻ አልገባ ብሏቸዋል።»

«ይመጣል። መንገዱ ሲረጋ ይመጣል። አንተ ሰሊጥህን ሽጥ።»

«በምን ቋንቋ የምሸጠው መሰለህ? መተማ ላይ ሰሊጥ የጠየቀኝ ፈረንሳይ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።»

ዘቢደር ቻይንኛስ ለምን አይታሰብም አለች፤ መንገድ የሚሠሩት እነሱ አይደሉም ወይ ብላ። ሙሌ ሳቀና «ተይ እቴ፣ የኔታ ግእዝ ይሁን እንዳይሉን» አለ።

«ግእዝ የውጭ ቋንቋ ከሆነ እኔም ፈረንጅ ነኛ» አሉ የኔታ። «እሱ ባለቤት ነው። ዛሬ የምንመርጠው እንግዳ ነው።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «የኔታ፣ እኔ የማስበው ስለ ሰነዱ ነው። የፈረንሳይኛው መምህር ዲግሪ አለው። ዐረብኛው...» ሐመልማልን አየና ቃሉን አለዘበው። «ዐረብኛው ከሰው ቤት የተለቀመ ነው። ወረቀት የለውም። ደግሞ ልጆቹ የክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ ወላጅ የሌላ ሃይማኖት ቋንቋ አስተማራችሁብን ሊል ይችላል።»

የኔታ ሻያቸውን ፉት አሉ። «በየማለዳው ለሕዝቡ የምናነበው የቅዱሳን ዜና ወደ ግእዝ የተመለሰው ከምን ይመስልሃል?»

«ከ... ከጽርዕ፣ ከግሪኩ ይሆናል።»

«ከዐረብ ነው። ከግብጽ መጣ፤ አባቶቻችን ተቀምጠው መለሱት። ሃይማኖት ያለው ሰው ነው እንጂ ቋንቋ አይደለም። ከሰው ቤት የተለቀመ ላልከው ደግሞ፣ እኔም ትምህርቴን የለቀምሁት በየሰው ደጅ ቁራሽ እየለመንሁ ነው። ውሻ የነከሰኝ ጠባሳ ይኸው አለ። ወረቀቴ እሱ ነው።»

ሐመልማል ቴርሞሱን በሁለት እጇ ያዘችው። የኔታ ግን አልጨረሱም። «ይህን ስል ዐረብኛው ይለፍ ማለቴ አይደለም። ያልተመረመረ መምህር ወንበር አይዘረጋም። ልጆቹ አሉ?»

«ሰባትና ስምንተኛ ክፍል ማጠናከሪያ ላይ ናቸው» አለ ዳይሬክተሩ። ደስ አለው፤ ፈጥኖ የውጤት መዝገቡን ገለጠ። «ከየቋንቋው አንደኛ የወጡትን ላስጠራልዎ?»

«አንደኛውን ምን ላድርገው? ጎበዝማ መምህር ባይኖረውም ይማራል፤ ከግድግዳ ይማራል። በኛ ጉባኤ ቤት መምህር ሲመረመር የሚጠራው ጭራው ነው። ጭራው ካወቀ መምህሩ መምህር ነው። ከሁለቱም የመጨረሻውን ጥሩልኝ።»

ዳይሬክተሩ ጣቱን በመዝገቡ ላይ አወረደ። «ከዐረብኛው ውቢት። የቡይት ራሷ ልጅ።» ገጹን ገለበጠ። ጣቱ ታች ደርሶ ቆመ። ቀና ብሎ ሐመልማልን አየ። «ከፈረንሳይኛው... ጽጌሬዳ ናት።»

ሐመልማል እየቀዳች ነበር። ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ በጠረጴዛው ፈሰሰና የገዱን ጉልበት አገኘው። «ግዴለም እኅቴ፣ ሱሪውም መታጠብ ነበረበት» አለ ገዱ። ጨርቅ አምጥታ ጠረገች። ልጅዋ የመጨረሻ መሆኗን አሁን ነው የሰማችው። ለልጅዋ እንዲሳካላት ብትጸልይ እሷ ራሷ ሰኞ ጎንደር ናት። እንዳይሳካላት መጸለይ ደግሞ የእናት አይደለም። ምንም ሳትጸልይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ውቢት ቀድማ ገባች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰው ፊት ስትቆም እጇን የምታስቀምጥበት የሚጠፋት ልጅ ናት። በሒሳብም በሳይንስም የመጨረሻ ናት። ገዱ ድንች እንደሚሸጥ ሆኖ በዐረብኛ አናገራት። ልጅቱ መጀመሪያ ሐመልማልን አየች፣ ከዚያ መሬቱን አየች፣ ከዚያ ስንት ነው አለችው። ነገራት። ውድ ነው አለች። ጥሩ ድንች ነው አላት። ከታች ያለውን አሳየኝ አለችው። ገዱ በሣቅ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ የኔታ ምን አለች ብለው ጠየቁ፣ ተረጎመላቸው። ዋጋ ቀነሰላት፤ እምቢ አለች። አሁንም ቀነሰ፤ ጀርባዋን አዙራ ልትሄድ ሆነች። አንድ ቃል ተሳሳተች፤ ራሷ አረመችው። መጨረሻ ላይ ገዱ እጁን አነሣ። «በነጻ ልትወስድብኝ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ገዳሪፍ ኖሬ የምናገረው እንደ ጉልበት ሠራተኛ ነው፤ ይቺ እንደ ቤሩት ሴት ወይዘሮ ትናገራለች።» ውቢት ሰው ሲያመሰግናት አይታ ስለማታውቅ መቆሙ ይሁን መሄዱ ጠፋት። ዘቢደር ዳቦ ሰጠቻት።

ቀጥሎ ጽጌሬዳ ገባች። እናቷ ያለችበትን ግድግዳ አላየችም። ሙሌ ደግ ሰው ነው፤ ወንበሩን ወደ እሷ አዙሮ፣ ድምጹን አለስልሶ፣ በፈረንሳይኛ ስሟን ጠየቃት። ዝም አለች። ቀስ አድርጎ፣ ቃል በቃል እየለየ ደግሞ ጠየቃት። ዝም። ሦስተኛ ጠየቃት። ዝም። «ልጄ፣ ቦንዡር ብቻ በይኝ፤ ይበቃኛል» አላት በአማርኛ። ልጅቱ ጠዋት እናቷ የወለወለችውን ወለል ትመለከታለች። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ሐመልማል ዐይኗን ጨፈነች።

«ይበቃል» አሉ የኔታ። «ልጄ፣ መምህርሽ በዓመቱ ስንት ቀን መጣ?»

«ዐሥራ አንድ ቀን» አለች ጽጌሬዳ። ድምጿ ጥርት ያለ ነበር።

ሙሌ ቆቡን አውልቆ ጭንቅላቱን አሸት አሸት አደረገ። «የኔታ፣ ተረታሁ» አለ። «ቋንቋው ግን ምንም አላጠፋም።»

«ቋንቋውን ማን ከሰሰ። የከሰስነው መንገዱን ነው» አሉ የኔታ።

እጅ ተነሣ። ገዱ አነሣ፣ የኔታ አነሡ፣ ዘቢደር ወደ ሙሌ አየት አድርጋ አነሣች። ሙሌ ራሱ በመጨረሻ አነሣና፣ ፈረንሳይኛውን ለሚፈልግ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ አስተምራለሁ፣ ካርድ ላይ ባይጻፍም አለ። ዳይሬክተሩ ቃለ ጉባኤውን ጻፈ። ከመስከረም ጀምሮ ዐረብኛ ካርድ ላይ ይጻፋል። ሐመልማል በረዳት መምህርነት ትቀጠራለች፤ ክረምት ክረምት ሥልጠና ትወስዳለች። ሰዎቹ ሲወጡ ዳይሬክተሩ ወደ ኋላ ቀረ። እስክሪብቶውን ሲከፍትና ሲከድን ቆየ።

«ጠዋት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር መሰል» አለ።

«ብሎ ነበር» አለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበለን» አለችና ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። ደግሞም አልተቀየመችውም፤ ለቅያሜ የሚሆን ቦታ በዚያ ሰዓት በውስጧ አልነበረም። ብርጭቆዎቹን አጠበች፣ ደረደረች። ከዚያ ደረጃው ላይ ወጥታ ለደላላው ደወለች። ሰኞ ለአሻራ አልመጣም፣ የምመጣው ፓስፖርቴን ልወስድ ነው አለችው። እንዲህ ያለች ማዳም ዳግመኛ አታገኚም አላት። አውቃለሁ አለችው። ትጸጸቻለሽ ማለት ሲጀምር ዘጋችው። እዚያው ተቀመጠች። ከስብሰባው የተረፈውን ቁራሽ ዳቦ ስትነክሰው ነው ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች ያወቀችው። ዳቦው ደርቋል። እንዲያ የሚጣፍጥ ነገር በልታ የምታውቅ አልመሰላትም።

ጽጌሬዳ ደብተሯን አቅፋ ከበሩ አጠገብ ትጠብቃት ነበር። አብረው ወጡ። ገበያው እየተበተነ ነው፤ ያልተሸጠው በግ ተመልሶ ሽቅብ ይጎተታል።

«ደረጃሽን ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሐመልማል።

«መምህሩ ሲመጣም ክፍል አልገባም ነበር። ዐረብኛ በምታስተምሪበት ቀንም ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ነው የምቀመጠው። መስኮቱ መስተዋት የለውም፤ ይሰማል።»

«ታዲያ እንደ ልጆቹ አትገቢም?»

ልጅቱ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ አደረገች። «ከማዳሟ ጋር በስልክ የምታወሪው በዐረብኛ ነው። ትሄጂ እንደሆን የሚነግረኝ ሰው የለም። ራሴ ልስማ ብዬ ነው።»

ሐመልማል መሀል መንገድ ላይ ቆመች። ባጃጅ ጡሩንባ ነፍቶባት አለፈ። «ሰኞን ታውቂያለሽ?»

«አሻራ። ዐረብኛው ካለፈ እንደምትቀሪም አውቃለሁ።»

«ቀርቷል። ለደላላው ደውዬ ነገርሁት።»

«ሰማሁሽ። እሱንማ በአማርኛ ነው ያወራሽው።»

ከዚህ በኋላ ቀስ ብለው ሄዱ። ሐመልማል ደብተሩን ተቀበለቻት፤ ልጅቱም ሰጠቻት። ቤታቸው ሊታይ ሲል ጽጌሬዳ «ጋሽ ሙሌ አሳዘነኝ» አለች።

«ለምን?»

«ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ስሜንማ በፈረንሳይኛ መናገር አውቃለሁ። መጀመሪያ ቀን የተማርነው እሱን ነው።»

ሐመልማል ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀባት። ከዚያ ፊቷን አኮሳተረች። «የኔታ ፊት እንዲህ ይደረጋል? ነገ ሄደሽ እውነቱን ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች ልጅቱ። «ካርዱ ላይ ከተጻፈ በኋላ።»

ሐመልማል ልትቆጣ አፏን ከፈተች። የወጣው ሣቅ ነው።